ያረጀ ቡናችንን እናድስ፣ እናባዛ



የዛሬው ንግግራችን ስለ ጓሮ ቡና ነው። ስለ አዲስ ችግኝ ሳይሆን ስለ አሮጌው ቡና እንነጋገራለን። አባት ወይም አያት የተከለው፣ ቁመቱ ከቤት ጣሪያ በላይ የወጣው፣ ግንዱ ሽበት ያበቀለው፣ ዓመት ጠብቆ የሚሰጠው ፍሬ ግን ከእፍኝ የማያልፈው ቡና በየጓሮው አለ። እንዲህ ያለውን ቡና ምን እናድርገው?

እኛ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ፊደል ለማስተማር የዘመትን ወጣቶች ነን። ቡና መትከልና መልቀም ከእናንተ የምንማረው እንጂ ለእናንተ የምናስተምረው አይደለም። ሆኖም የቡና ተመራማሪዎች ሞክረው የጻፉትን አንብበናል፤ የግብርና ሠራተኞችንም ጠይቀናል። እናንተም አሁን ማንበብ ጀምራችኋልና ነገሩን አብረን እንየው። ልክ ያልመሰላችሁን ጠይቁ፤ ተከራከሩ።

ባረጀ ቡና ላይ ሰው የሚያደርገው ሦስት ነገር ነው። አንዱ እንዲሁ ይተወዋል። ሌላው ነቅሎ ጫት ወይም ባሕር ዛፍ ይተክልበታል። ሦስተኛው ግን ግንዱን ዝቅ አድርጎ ይቆርጥና እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ያደርገዋል። ይኸ ሦስተኛው ሥራ ጉንደላ ይባላል። የዛሬው ነገራችን በአጭሩ ይኸው ነው፤ የብዙው ቡና ግንዱና ቅርንጫፉ አረጀ እንጂ ሥሩ አልሞተም። ሥሩ ካልሞተ ደግሞ ቡናው ይታደሳል።

ቡና ለምን ያረጃል?

እስቲ ነገ ማለዳ ካንድ አሮጌ ቡና ሥር ቁሙና ቅርንጫፉን ልብ ብላችሁ እዩ። ፍሬው የት ነው ያለው? ከግንዱ አጠገብ የለም። ቅርንጫፉ ከግንዱ ተነሥቶ ብዙ መንገድ ባዶውን ይሄድና ጫፉ ላይ ብቻ ጥቂት ቅጠልና ጥቂት ፍሬ ይይዛል። ይኸ እንዲያው የሆነ ነገር አይደለም፤ ምክንያት አለው።

ቡና አንድ ጊዜ ካፈራበት አንጓ ላይ ዳግመኛ ይህ ነው የሚባል ፍሬ አይሰጥም። የዘንድሮው አበባ የሚወጣው አምና ባደገው ለጋ እንጨት ላይ ነው። የከርሞው አበባ ደግሞ ዘንድሮ በሚያድገው ላይ ይወጣል። ስለዚህ ፍሬው በየዓመቱ ከግንዱ እየራቀ ወደ ጫፍና ወደ ላይ ይሸሻል። ዛፉ ከሃያ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ብዙ እንጨት፣ ትንሽ ፍሬ ይሆናል። ሥሩ ከመሬት የሚስበው ውኃና ምግብ ያን ሁሉ ባዶ እንጨት ሲመግብ ይውላል። ለቃሚውም ቅርንጫፉን እየጎተተ ይሰብረዋል።

በዚህ ላይ አረም ሲወርሰው፣ ሐረግ ሲጠመጠምበት፣ የጥላው ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ፀሐይ ሲከለክለው ቡናው ይብስበታል። ያረጀም የተረሳም ይሆናል።

ነገር ግን በግንዱ ቅርፊት ሥር የተኙ ዓይኖች አሉ። ራሱ ወደ ላይ ቆሞ ሳለ እነዚህ ዓይኖች አብዛኞቹ እንደ ተኙ ይኖራሉ። ግንዱ ሲቆረጥና ብርሃን ሲያገኙ ይነቃሉ። ያ ሁሉ ዓመት ወደ ታች የወረደው ሥር በሙሉ ኃይሉ እነዚህን ጥቂት ቀንበጦች ይመግባል። አዲስ ችግኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማፍራት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጅበታል። የተጎነደለ ቡና ግን በሁለተኛው ዓመት ጥቂት ያሳያል፤ በሦስተኛው ዓመት ደህና አድርጎ ይሰጣል። ምክንያቱም ሥሩን አዲስ አያበቅልም፤ ሥር አለው።

ከመቁረጥ በፊት እንመርምር

ያረጀ ሁሉ አንድ አይደለም። ያረጀ ቡና አለ፤ የታመመ ቡናም አለ። ሁለቱን ለይተን ካላወቅን ጉንደላው ጥፋት ያመጣል።

ቡናን ከነሕይወቱ የሚያደርቅ በሽታ አለ። ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ይገረጣል፤ ቀጥሎ ይደርቃል። አንዳንዴ ባንድ ወገን ብቻ ይጀምርና ወደ ሌላው ወገን ይዛመታል። ዛፉ መዳን የለውም። ይኸ በሽታ የሚገባው በቁስል ነው። ገጀራው፣ ማጭዱ፣ ዶማው የታመመውን ዛፍ ነክቶ ጤነኛውን ሲያቆስል በሽታውን ይዞለት ይሄዳል።

ታዲያ በምን እናውቃለን? ከግንዱ በታች፣ ወደ መሬቱ አጠገብ፣ ቅርፊቱን በቢላዋ ጥቂት ፋቅ አድርጉ። ሥሩ ያለው እንጨት ነጣ ያለና እርጥብ ከሆነ ዛፉ አርጅቶ ነው እንጂ አልታመመም። ይጎነደላል። ጠቆር ያለ መስመር ወይም ጠቃጠቆ ከታየበት ግን አይጎነደልም። ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው በቆመበት ቦታ ይቃጠላል። እየጎተቱ በሌላው ቡና መካከል ማሳለፍ በሽታውን መዝራት ነው። በጉድጓዱም ላይ ቶሎ ቡና አይተከልም፤ ለሁለት ዓመት ያህል ሌላ ሰብል ይዘራበታል። ቢላዋውንና መጋዙን ደግሞ ካንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ከመሻገራችን በፊት በእሳት ነበልባል ላይ እናሳልፈው።

ጉንደላው እንዴት ይደረጋል?

ጊዜው ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ትልቁ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ነው። በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ እንደ ጅማ፣ ከፋና ኢሉባቦር ባሉት አገሮች፣ ይኸ ከጥር እስከ መጋቢት ይውላል።

አንደኛ፤ አረሙንና ሐረጉን አጽዱ። የጥላውን ዛፍ ቅርንጫፍ አሳሱ እንጂ ዛፉን አትጨርሱት። ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ግራሩ ቡናውን ከፀሐይና ከውርጭ ይጠብቁታል፤ ቅጠላቸውም ረግፎ መሬቱን ያለመልማል። የተጎነደለ ቡና የሚፈልገው ሳሳ ያለ ጥላ ነው።

ሁለተኛ፤ መጀመሪያ የላይኛውን ቅርንጫፍ ቀንሱ። ከባዱ ራስ እንዳለ ሆኖ ግንዱ ቢቆረጥ ሲወድቅ ጉቶውን ይሰነጥቀዋል።

ሦስተኛ፤ ግንዱን ከመሬት በላይ ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ቁረጡት። ይኸ ሁለት ስንዝር አካባቢ ነው። የሚሻለው መጋዝ ነው። መጥረቢያ ጉቶውን ይፈረካክሰዋል፤ በስንጥቁ ውኃ ይገባና ይበሰብሳል። አቆራረጡ ጠፍጣፋ ሳይሆን ዘንበል ያለ ይሁን፤ ዝናቡ ተንሸራትቶ ይወርዳል እንጂ አይተኛበትም።

አራተኛ፤ ከቁርጡ በታች ቅጠል ያለው ደህና ቅርንጫፍ ካለ አንዱን ተዉለት። ይኸ የመተንፈሻ ቅርንጫፍ ነው። ቅጠል የዛፍ ማድቤት ነው፤ በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራው እሱ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ከቀረለት ጉቶው አዲሱን ቀንበጥ እስኪያወጣ ድረስ ጾሙን አያድርም። ቀንበጡ ሲጠነክር ያ አሮጌ ቅርንጫፍ ይቆረጣል። ቡናው ሁለት ሦስት ግንድ ካለውም አንዱን ትቶ ሌሎቹን መቁረጥ፣ የቀረውን ደግሞ በከርሞው መቁረጥ ይቻላል።

አምስተኛ፤ በጉቶው ዙሪያ ፍግ ወይም የበሰበሰ ብስባሽ አድርጉ። ግንዱን ሳይነካ ደረቅ ሣርና ቅጠል ጎዝጉዙበት፤ ርጥበቱን ይይዛል፤ አረሙንም ያፍናል። በመደዳው መካከል በመጀመሪያው ዓመት ቦሎቄ መዝራት ይቻላል። መሬቱ ባዶ አይሆንም፤ ቤቱም ወጥ ያገኛል።

ቀንበጡን መምረጥ

ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ጉቶው ዙሪያውን ያቆጠቁጣል። አሥርም አሥራ አምስትም ቀንበጥ ሊያወጣ ይችላል። ይኼኔ ሰው ደስ ይለውና ሁሉንም ይተዋል። ሁሉም ከቀሩ ግን ሁሉም ይቀጥናሉ፤ እርስ በርሳቸው ብርሃን ይሻማሉ፤ ፍሬ የላቸውም። ድካማችን ሁሉ ከንቱ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ቀንበጦቹ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ሲሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ምረጡ። ወፍራሙን፣ ቀጥ ያለውን፣ ጉቶውን አጥብቆ የያዘውን ምረጡ። ሦስቱም ባንድ ወገን አይሁኑ፤ ተራርቀው ይቁሙ። ሌላውን አንሡ። ከዚያ በኋላም ጉቶው አዲስ ቀንበጥ ማውጣቱን አያቆምም። በየጊዜው እየዞሩ ማንሣት ያስፈልጋል።

ስንቱን እንጎንድል?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር መጣን። በንግግራችን መካከል አንዲት እናት እንዲህ ብለው ጠየቁን፤ «ልጆቼ፣ ነገሩ መልካም ነው። ግን ጨው የሚገዛው፣ ለልጅ ደብተር የሚሆነው ከዚያችው ከምትናቀው ቡና ነው። ሁሉን ቆርጠን ሁለት ዓመት ምን እንበላለን? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን።»

ጥያቄው የልባም ሰው ጥያቄ ነው። መልሱም ሁሉን ባንድ ዓመት አትቁረጡ የሚል ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እስቲ አብረን እናስላ።

አንድ ቤተ ሰብ 200 እግር ያረጀ ቡና አለው እንበል። 200ን ለ4 ቢያካፍል 50 ይሆናል። በየዓመቱ 50 እግር ብቻ ይጎነድላል።

በ1ኛው ዓመት 50 ይቆረጣል፤ 150 አሮጌ ቡና ይለቀማል።
በ2ኛው ዓመት ሌላ 50 ይቆረጣል፤ 100 አሮጌ ይለቀማል።
በ3ኛው ዓመት ሌላ 50 ይቆረጣል፤ 50 አሮጌ ይቀራል። በመጀመሪያው ዓመት የተጎነደለው 50 ግን ማፍራት ስለሚጀምር የሚለቀመው 100 ነው።
በ4ኛው ዓመት የመጨረሻው 50 ይቆረጣል፤ የታደሰው 100 ይለቀማል።
በ5ኛው ዓመት የታደሰው 150 ይለቀማል።
በ6ኛው ዓመት 200ውም ታድሶ ይለቀማል።

ልብ አላችሁ? የሚለቀመው ቡና ከግማሽ በታች የወረደበት ዓመት የለም። ደግሞም መጀመሪያ የምንቆርጠው ምንም የማይሰጠውን ነው። ስለዚህ በ1ኛው ዓመት የሚጎድለው ለቀማ ከ50 እግር ጤነኛ ቡና ለቀማ እጅግ ያነሰ ነው። ደኅና የሚሰጠው መጨረሻ ይቆረጣል።

የትኛው ይቆረጥ የሚለውንም ባል ብቻውን አይወስን። የትኛው እግር ስንት ጣሳ እንደሚሰጥ አብዛኛውን ጊዜ ጠንቅቃ የምታውቀው የምትለቅመው ሚስት ናት። ተማክራችሁ፣ በዛፎቹ መካከል አብራችሁ ዞራችሁ፣ በሚቆረጠው ላይ ገመድ እሰሩበት።

የቀረውን ቦታ በምን እንሙላ?

በሽታ የነቀለው፣ ሥሩም የሞተ ቦታ ይኖራል። እዚያ አዲስ መትከል ያስፈልጋል። ዘሩ ከየት ይምጣ? መልሱ ከገዛ ጓሯችን ሊሆን ይችላል።

ይኸን ለማስረዳት አንድ እውነተኛ ታሪክ እንንገራችሁ። የቡናን ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ የሚያጠቁርና የሚያረግፍ በሽታ አለ። ይኸ በሽታ መጀመሪያ የታወቀው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1922 በኬንያ ነው። አገራችን የገባው በ1971 ነው። ብዙ ቡና አበላሸ። በጅማ አጠገብ መልኮ በሚባለው ቦታ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል ሠራተኞች መድኃኒት ብቻ አልፈለጉም። በሽታው በገባበት ቡና መካከል እየዞሩ ያልታመመውን ዛፍ ፈለጉ። መቶው ሲጠቁር ፍሬው ጤነኛ ሆኖ የቆመ አንድ እግር ሲያገኙ ምልክት አደረጉበት፤ ዘሩን ወሰዱ፤ ፈተኑት። በ1974 በኢሉባቦር በመቱ አካባቢ ከመረጡት መካከል 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች ይገኛሉ። 74 የሚለው ቁጥር ዓመቱን ያመለክታል። ዛሬ ከእነዚህ ዛፎች ዘር የተገኘ ቡና በብዙ ገበሬ ማሳ ላይ ይታያል።

እንግዲህ አስቡት። ያን ጊዜ ባለቤቱ «አሮጌ ነው» ብሎ ያን እግር ነቅሎት ቢሆን ኖሮ ያ ዘር አይገኝም ነበር። የአረቢካ ቡና መገኛው የእኛው አገር ጫካ ነው። በአያቶቻችን ጓሮ የቆመው አሮጌ ቡና ምን እንደ ያዘ አናውቅም። ከመንቀላችን በፊት ደጋግመን እንየው፤ በሽታ ባለበት ዓመት የትኛው ጤነኛ ሆኖ ቆመ? የትኛውስ በየዓመቱ ሳያቋርጥ ሰጠ? ያ ዛፍ እናት ዛፍ ነው።

ከእናት ዛፍ በሁለት መንገድ ማባዛት ይቻላል።

የመጀመሪያው በዘር ነው። የአረቢካ ቡና አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ብናኝ ስለሚዳብር ልጁ እናቱን ይመስላል። ደኅና ቀልቶ የበሰለውን ፍሬ ከዛፉ መካከለኛ ቅርንጫፎች ልቀሙ። የቀላውን ቅርፊት በእጅ ፈልፍሉት፤ ዘሩን አጥባችሁ ከነገለፈቱ በጥላ ሥር አድርቁት። በፀሐይ አይደርቅ፤ ብዙም አይቆይ፤ ቡና ሲሰነብት የመብቀል ኃይሉን ያጣል። በለሰለሰ መደብ ላይ ጠፍጣፋው ወገን ወደ ታች ሆኖ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ይዘራል። በሣር ይሸፈናል፤ ውኃ ይጠጣል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይበቅላል፤ ደጋ ከሆነ ይዘገያል። ሲበቅል ሣሩን አንሥታችሁ ከላዩ ዳስ ሥሩለት። ከስድስት እስከ ስምንት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ዝናብ ሲገባ ይተከላል። ጉድጓዱ ወደ ጎንም ወደ ታችም 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ቀደም ብሎ ይቆፈር፤ የላይኛው ጥቁር አፈር ከፍግ ጋር ተደባልቆ ይመለስበት።

ሁለተኛው መንገድ በቁራጭ ነው። ቅድም ከጉቶው ላይ አንሡ ያልናችሁን ቀንበጦች አትጣሏቸው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያድገው ቀንበጥ አዲስ ዛፍ መሆን ይችላል። ወደ ጎን ከሚሄደው ቅርንጫፍ የተወሰደ ቁራጭ ግን ሥር ቢያወጣም እንኳ ወደ ጎን ይንፏቀቃል እንጂ ዛፍ ሆኖ አይቆምም። እንግዲህ ከቀጥተኛው ቀንበጥ በጣም ለጋ ያልሆነውን፣ ያልጠነከረውንም፣ መካከለኛውን ክፍል ውሰዱ። አንድ ጥንድ ቅጠል ያለበትን አንጓ ይዛችሁ፣ ከአንጓው በታች አራት አምስት ሳንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ። ቅጠሎቹን ግማሽ በግማሽ ቁረጧቸው፤ ውኃ በብዛት እንዳይተንባቸው ነው። አሸዋ በተደባለቀ የጫካ አፈር ላይ ትከሉና በላስቲክ ሸፍናችሁ በጥላ ሥር አኑሩት። አፈሩ ሁልጊዜ ይርጠብ፤ ውኃ ግን አይተኛበት። ሦስት ወር ያህል ይፈጃል። ሁሉም አይይዝም። ከአሥሩ የያዘው ግን እናቱን ራሷን ነው።

ይኸ መንገድ ለድቅል ቡና ይበልጥ ያስፈልጋል። ለምሳሌ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1998 የወጣው አባ ቡና የሚባለው ዝርያ ድቅል ነው። ከድቅል ቡና ፍሬ የሚበቅለው ልጅ አንዱ አንዱን አይመስልም፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። በቁራጭ ከተባዛ ግን ሳይለወጥ ይቀጥላል።

ጻፉት

አንድ ነገር ይቀረናል። የሚጎነደል ቡና አራት ዓመት፣ ስድስት ዓመት የሚፈጅ ሥራ ነው። ይኸን ያህል ዘመን በቃል መያዝ ያስቸግራል። «ያኛውን የቆረጥነው አምና ነው ወይስ ካቻምና?» እየተባለ ይረሳል። ስለዚህ ፊደላችሁን ለዚህ አውሉት። በደብተራችሁ ላይ አምስት መሥመር አስምሩ። በመጀመሪያው የጎነደላችሁበትን ቀን፣ በሁለተኛው ስንት እግር እንደ ሆነ፣ በሦስተኛው ስንቱ ጉቶ እንዳቆጠቆጠ፣ በአራተኛው ስንት ቀንበጥ እንደ ቀረ፣ በአምስተኛው ስንት ጣሳ እሸት ቡና እንደ ተለቀመ ጻፉ። እናት ዛፋችሁንም ቁጥር ስጡት፤ ምርምር ማዕከሉም ዛፎቹን ያወቃቸው በቁጥር ነው።

ይኸ ጽሑፍ ከሦስት ዓመት በኋላ ይመሰክራል። ጉንደላው ጠቅሞ እንደ ሆነ ከደብተሩ ይታያል፤ ጎድሎም እንደ ሆነ የጎደለበት ዓመት ይታወቃል። ጎረቤት ሲጠይቃችሁ ወሬ ሳይሆን ቁጥር ታሳዩታላችሁ። ልጆቻችሁም የትኛው ቡና መቼ እንደ ታደሰ ከእናንተ እጅ ጽሑፍ ያነባሉ።

በሉ እንግዲህ፣ ለቀማው ሲያልቅ ከሁሉ የባሰውን እግር ምረጡ። ቅርፊቱን ፋቅ አድርጉና እዩ። ነጣ ብሎ እርጥብ ከሆነ መጋዙን አምጡ።

መወያያ

1. በጓሯችሁ ስንት እግር ያረጀ ቡና አለ? ለ4 ሲካፈል በየዓመቱ ስንት ይጎነደላል?
2. ያረጀ ቡናና የታመመ ቡና በምን ይለያሉ?
3. ቀንበጡ ሁሉ እንዲያድግ ቢተው ምን ይሆናል?
4. በሰፈራችሁ በበሽታ ዓመት ጤነኛ ሆኖ የቆመ ቡና ያለው ማን ነው? ሄዳችሁ አብራችሁ እዩት።